«ካምፓኒ ማን» ማን ነው?

ጥያቄ፦ በምዕራብ ቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓዶች ውሃ በቦቴ የማመላልስ ንዑስ ተቋራጭ ነኝ። «ካምፓኒ ማን» እና «ፊልድ ቲኬት» የሚሏቸው ምንድን ናቸው?

መልስ፦ «ካምፓኒ ማን» ጉድጓዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በቦታው ያስቀመጠው ተወካይ ነው፤ ብዙዎቹ በቀን ሂሳብ የሚሠሩ አማካሪዎች ናቸው። «ፊልድ ቲኬት» የዕለቱ ሥራ መመዝገቢያ ነው፤ የጉድጓዱ ስም፣ ሰዓቱ፣ የጫኑት በርሜል ብዛት ይሰፍርበታል። አንድ በርሜል 42 ጋሎን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያልጠየቁኝ «ስታንድባይ» ነው፤ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት። ገንዘብ ሳይከፈል የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ከዋናው ተቋራጭ ጋር የተፈራረሙት ውል ለጥበቃ ሰዓት ዋጋ ካላወጣ፣ ቲኬቱ ላይም ካልተጻፈ፣ ማስከፈል በጣም ይከብዳል። እባክዎ ከቦታው ሳይወጡ የጥበቃ ሰዓቱን ቲኬቱ ላይ አስጽፈው «ካምፓኒ ማኑን» ያስፈርሙ፤ ቅጂውንም ይያዙ።