ቃልና ምስል በአእምሯችን እንዴት ይቀመጣሉ?

በክረምት «የአቃቂ ወንዝ ሞልቷል፤ ከዳርቻው ራቁ» የሚል የቴሌቪዥን ዜና ቢተላለፍ ተመልካቹ ምኑን ያስታውሳል? ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር አለን ፓይቪዮ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ አእምሯችን ቃልንና ምስልን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይይዛል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን እየሰማን ወንዙን ካየን፣ አንዱ ቢጠፋብን ሌላው ያስታውሰናል።

ግን በዓይን የገባ ሁሉ ምስል ነው ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ምሁር አለን ባድሌይ እንደሚሉት፣ የምናነበው ጽሑፍ በውስጣችን ወደ ድምፅ ይለወጣል። እናም ከስክሪኑ ግርጌ የኳስ ውጤት እያለፈ ማስጠንቀቂያው ቢነበብ ሁለቱ በአንድ በር ይጋፋሉ። ለወንዝ ዳር ነዋሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ዜና ስንሠራ ወንዙን እናሳይ፤ ሌላውን ጽሑፍ ለጊዜው እናቆየው።