ሐኪሙ ማንን ይጠይቅ?

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ የአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አያቴን ስትሮክ መታቸውና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ወጣና «መተንፈሻ መሣሪያ ላይ እናድርጋቸው ወይስ እንዳሉ ይቆዩ? ተነጋገሩና ንገሩኝ» አለን። ትልቁ አጎቴ «እስከ መጨረሻው ይሞከር» አለ። እናቴ ደግሞ «አባዬ ቤቱ ነው መሞት የሚፈልገው» አለች። ሁለቱም አባታቸውን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ግን ጠይቀዋቸው አያውቁም። እኛ ስንከራከር አመሸን፤ አያቴ ሌሊቱን ዐረፉ። አጎቴና እናቴ እስከ አርባው ድረስ በቅጡ አልተነጋገሩም።

አያቴ ኑዛዜ ነበራቸው። ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ የት እንደሚቀበሩ፣ ማን ምን ያህል እንዳበደራቸው ሳይቀር ተጽፏል። ኑዛዜ ግን የሚሠራው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሰው በሕይወት እያለ፣ ነገር ግን መናገር ሳይችል የሚቆይባት ጊዜ አለች። የሐኪሙ ጥያቄ የመጣው በዚያች ጊዜ ነው፤ ለእሷ የጻፍነው ነገር አልነበረንም።

ጉዳዩን ሳነብ ብዙ ጊዜ የገጠመኝ የአሜሪካዊቷ የቴሪ ሻይቮ ታሪክ ነው። ቴሪ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ፍሎሪዳ ውስጥ በ26 ዓመቷ ልቧ በድንገት ቆመ፤ አንጎሏም ኦክስጅን አጥቶ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ 15 ዓመት በምግብ ቱቦ ኖረች። ባሏ «እንዲህ መኖር እንደማትፈልግ ነግራኛለች» አለ፤ ወላጆቿ «ልጃችን እንዲህ አትልም» አሉ። በጽሑፍ የተወችው ቃል ስላልነበረ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባና ዓመታት ፈጀ። ቱቦው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመልሶ ገባ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ ኮንግረስ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ለእሷ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽም ሌሊት ፈረሙበት። ፍርድ ቤቶቹ ግን ቱቦው ይመለስ አላሉም። ቴሪ በወሩ ማብቂያ ላይ ሞተች።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል አይከፋም። በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኖች ደጋግመው ያሳዩት ቴሪ እናቷን አይታ ፈገግ ያለች የምትመስልበትን ምስል ነው። ያ ምስል ከሰዓታት ቪዲዮ ተቆርጦ የወጣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተመልካቹ ግን አይቶ ፈረደ። ከሞተች በኋላ በተደረገው ምርመራ አንጎሏ 615 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል ማለት ነው። ያንን ዜና ስንቱ አየው? እኔ በበኩሌ ኤዲተር ብሆን ኖሮ ምስሉን ላለማሳየት አቅም የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ከቴሪ በፊት ናንሲ ክሩዛን ነበረች። ሚዙሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 በመኪና አደጋ ተጎድታ ራሷን እንደሳተች ቀረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ክፍለ ግዛቱ የሕመምተኛዋን ፍላጎት የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለሚተኛ አዋቂ ሁሉ ስለ መብቱ እንዲነግሩትና «ቀድመህ የጻፍከው ነገር አለ?» ብለው እንዲጠይቁት ያስገድዳል። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ለወሊድ ስትገባ ይህን ተጠይቃ «ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ጥያቄው ለሁሉም እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ይደረግልኝ፣ ይህ አይደረግብኝ» የሚል ነው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ሉዊስ ኩትነር የሚባል የቺካጎ ጠበቃ ነው። ሁለተኛው «እኔ መናገር ሲያቅተኝ እገሌ ይናገርልኝ» የሚል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሽታ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው አይመጣማ! ተወካዩ ግን ሐኪሙን መልሶ መጠየቅ ይችላል። ደግሞ ሕመምተኛው መናገር እስከቻለ ድረስ ቃሉ የራሱ ነው፤ ወረቀቱንም ሲፈልግ መቅደድ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። እምቢ ለማለት ግን አፍ ያስፈልጋል። ተራውን ውክልና ብንወስድ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ይቋረጣል፤ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ዋናው ነገር ቤተሰብ ፊት የተነገረ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ባለፈው እሑድ ሴት አያቴ ዘንድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ብዬ ስጀምር «አንቺ ልጅ፣ ሞቴን ነው የምትመኚው?» አሉኝ። በጥያቄ አቀራረብ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ግን ራሳቸው ጀመሩት። ሰው እስካወቁና እህል እስከቀመሱ ድረስ ይታከማሉ። ከዚያ ወዲያ ቱቦ አይፈልጉም። የነፍስ አባታቸው መናገር ሳያቅታቸው ይጠሩላቸው። «ማን ይናገርልዎት?» አልኳቸው። ትልቁን አጎቴን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ትንሿን አክስቴን ጠሩ፤ «እሷ ስታለቅስም ትሰማለች» አሉ።

የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት። አጎቴ ገና አልሰማም። «ለፋሲካ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ» ብለዋል።