እህሉን መኪና ላይ ማን ይጫነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እህል አጫጫን ነው። በመጨረሻ የሂሳብ መልመጃና የመወያያ ጥያቄዎች አሉ። ማንበብ የጀመራችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ያልጀመራችሁ ደግሞ ከሚያነብ ጎረቤት አጠገብ ተቀምጣችሁ አዳምጡ።

1. ችግሩ የት ላይ ነው?

በአርሲና በባሌ ስንዴና ገብስ በኮምባይነር ማጨድ የተለመደ ነው። ኮምባይነር ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ያበጥራል። በሬና ሰው ብዙ ቀን የሚደክሙበትን ሥራ በሰዓታት ይጨርሳል። ታዲያ ከዚያ በኋላስ? በብዙ ቦታ እህሉ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። ሰው በሳፋ እየዛቀ ማዳበሪያ ውስጥ ይሞላል፣ አፉን ይሰፋል፣ ይመዝናል፣ ተሸክሞም አይሱዙ ላይ ይጭናል።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። 30 ኩንታል ለመጫን 3,000 ኪሎ ከመሬት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ መኪና መነሳት አለበት። ሰማዩ ደግሞ እስክንጨርስ አይጠብቀንም። ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ሸራ ላይ ያለው እህል ይረጥባል። የረጠበ እህል ይሻግታል፣ ይበቅላል። ስለዚህ ነገሩ የወገብ ድካም ብቻ አይደለም፤ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

2. ጠመዝማዛው ብረት

ኮምባይነሩ አናት ላይ እህል የሚጠራቀምበት ታንክ አለ። ከታንኩ ረጅም ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ብረት አለ። ብረቱ ሲዞር እህሉን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እህሉም መኪናው ላይ ይፈሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 በሞተው በግሪካዊው ሊቅ በአርኪሜዲስ ስም ይጠራል። በጥንት ዘመን ውሃ ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍተኛ ቦታ ያወጡበት ነበር። ከቀድሞዎቹ ኮምባይነሮች ብዙዎቹ ታንክ አልነበራቸውም። ሰው መኪናው ላይ ቆሞ ጆንያ እየሞላ ይሰፋ ነበር። ታንክና ቱቦ ሲመጡ ይህ ሥራ ቀረ።

3. በራሱ የሚያራግፍ መሣሪያ

በሌሎች አገሮች ሥራው ከዚህም አልፏል። በሦስት ደረጃ እንየው።

አንደኛ፦ ታንኩ ውስጥ እህል ሲደርስበት የሚያውቅ መሣሪያ አለ። ታንኩ ሊሞላ ሲል ለነጂው መብራት ያበራለታል ወይም ይጮህለታል።

ሁለተኛ፦ ኮምባይነሩና ተሳቢ የሚጎትተው ትራክተር ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት ያውቃሉ። በሬዲዮም ይነጋገራሉ። ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሠራው ዘዴ፣ በማራገፊያው ሰዓት የትራክተሩን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚወስነው ኮምባይነሩ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አጨዳው ሳይቆም እህሉ ይራገፋል።

ሦስተኛ፦ ካሜራ የተሳቢውን ጠርዝና የጭነቱን ከፍታ ያያል። ክላስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የከብት መኖ በሚያጭድ ማሽን ላይ ይህንን አድርጓል። ማሽኑ በካሜራው እየተመራ ቱቦውን ያዞራል፤ የሞላውን ትቶ ያልሞላውን ይሞላል። የነጂው ሥራ መቆጣጠር ነው።

4. ይህ ሁሉ ከሌለንስ?

እንዲህ ያለ ማሽን ውድ ነው። ነገር ግን ያለ ገንዘብ የሚያግዘን አንድ ኃይል አለ፤ እርሱም ቁልቁለት ነው። ወደ ታች የሚፈስ እህል ተሸካሚ አይፈልግም። መኪናው ከጉብታ ሥር ቢቆምና ከላይ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ ቢሠራለት እህሉ በራሱ ይወርዳል። አሸንዳው ዘንበል ካላለ ግን እህሉ ይቆማል። ወደ ጎን ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሜትር ወደ ታች ቢወርድ ስንዴ ያለ ችግር ይፈሳል። ማኅበሩ ጎተራ ሲሠራ ቦታውን ዳገት ሥር ሳይሆን ዳገት ላይ ቢመርጥ ለመጫን ይጠቅመዋል።

5. ጥንቃቄ!

ጠመዝማዛው ብረት እህልና እጅ አይለይም። ቱቦው ቢታፈን ሞተሩ ሳይጠፋና ቁልፉ ሳይወጣ ማንም እጁን አያስገባ።

የሚፈስ እህል እንደ ረግረግ ይውጣል። ልጅ ቀርቶ ጎልማሳም በጥቂት ሴኮንድ ይሰምጣል። ስለዚህ ልጆች ታንክም ሆነ ተሳቢ ላይ አይውጡ፤ ደስ ስለሚላቸው ይሮጡበታል እኮ!

ቱቦው ሲዘረጋ ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን ተመልከቱ።

6. ሚዛኑን ማን ያነባል?

እህል በማዳበሪያ ሲጫን ቆጥረን እናውቃለን። እንዲሁ ሲፈስ ግን በምን እናውቃለን? የኮምባይነር ኪራይ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ነጋዴም የሚገዛው በኩንታል ነው። መቁጠር ሲቀር ማንበብ ካልተተካ ገበሬው በሁለቱም በኩል ይጎዳል።

መፍትሔው መኪናውን ሁለት ጊዜ መመዘን ነው፤ ባዶውንና ከነጭነቱ። ምሳሌ፦

ከነጭነቱ 9,850 ኪሎ
ባዶው 4,920 ኪሎ
ልዩነቱ 4,930 ኪሎ፣ ማለትም 49 ኩንታል ከ30 ኪሎ

የኪራይ ተቀባዩ «52 ኩንታል ነው» ቢል የ2 ኩንታል ከ70 ኪሎ ትርፍ ኪራይ ሊያስከፍላችሁ ነው። ገዢው «47 ኩንታል ነው» ቢል ደግሞ 2 ኩንታል ከ30 ኪሎ ሊያስቀርባችሁ ነው። ወረቀቱን ማንበብና መቀነስ የሚችል አንድ ሰው ከመኪናው ጋር ቢሄድ ሁለቱም አይደርስም። ያ ሰው ወንድም ሆነ ሴት፣ ሽማግሌም ሆነ ወጣት፣ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

መልመጃ

መኪናው ከነጭነቱ 11,340 ኪሎ፣ ባዶውን 5,060 ኪሎ መዘነ። ስንት ኩንታል ከስንት ኪሎ ጫነ? ሠርታችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችሁ እህል በአሸንዳ ሊጫንበት የሚችል ጉብታ የት አለ?
ለ. በመሸከም የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። ማሽን ሥራቸውን ቢወስድ ማኅበሩ ምን ሌላ ሥራ ሊሰጣቸው ይችላል?
ሐ. ለመጪው አጨዳ ሚዛን እንዲያነብ ማንን ትመርጣላችሁ? ለምን?