ደስታህን ለታኅሣሥ 29 አታቆየው

ኅዳር 15 ጾሙ ገባ። ሥጋው ቀረ፤ ወተቱ ቀረ፤ ቅቤው ቀረ።

ደስታውስ? እሱም አብሮ ቀረ እንዴ?

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን ጾመ ነቢያትን እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው የምንጾመው። አንገታችንን አስግገን፣ የዶሮ ወጡን ቀን እየቆጠርን። ግን ጾሙ የተሰየመው በነማን ነው? የጌታን መወለድ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ከብዙ ዘመን በፊት በተስፋ ደስ ባላቸው ሰዎች! አንተ እኮ መወለዱን ታውቃለህ። ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?

ዛሬ ወስን! ደስታ የሚሠራው በጾሙ ውስጥ ነው።

እንዴት? ስምዖን ጫማ ሰፊውን ተመልከት።

ከዚህ ጾም ሦስቱ ቀናት የአብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ ናቸው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበሩ። የግብፁ ገዥ፣ እምነታችሁ ተራራ ያነሣ እንደሆነ የሙቀጠምን ተራራ አንሡ ብሎ አፋጠጣቸው። ከምእመናኑ ጋር ሦስት ቀን ጾሙ። ትውፊቱ እንደሚነግረን ተራራው ሲነሣ ከፓትርያርኩ ኋላ ቆሞ ይጸልይ የነበረው ስምዖን ነው። ሹም አይደለም። ሊቅ አይደለም። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው።

ልማዱ ምን ነበር? በየማለዳው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ለአረጋውያንና ለሕሙማን በእንስራ ውኃ ያደርስ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተራራው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ እንስራው ነው። ተራራው የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ውኃው ግን የየቀኑ!

ያንተ እንስራ የት አለ?

ነገ ማለዳ ጀምር። ስልክህን ከመንካትህ በፊት ጸልይ። አጭር ትሁን፤ ግን አትቅር። ቲክቶኩ የትም አይሄድም። የተረፈህን የሥጋ ብር ለይተህ አስቀምጥ፤ በዓሉ ሳይደርስ ለተቸገረ ጎረቤትህ ስጥ። የተቀየምከው ሰው አለ? ደውልለት። "ከበዓል በኋላ" አትበል።

ውጭ አገር ነህ? መሥሪያ ቤትህ በዲሴምበር ኬክ ሲቆርስ አንተ እስከ ጃንዋሪ 6 ትጾማለህ። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አትሸማቀቅ! ሻይህን ይዘህ አብረሃቸው ተቀመጥ። ለምን እንደማትበላ ሲጠይቁህ በፈገግታ ንገራቸው።

ደግሞም ብቻህን አይደለህም። ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰይማልሃለች፤ የነቢያቱ ስብከት፣ የጌታ ብርሃንነት፣ እረኝነቱ። በሦስቱም ተገኝ። አታርፍድ! ከኪዳኑ ጀምረህ ቁም፤ ካህኑ ሳያሰናብቱህ አትውጣ። ቅዳሴውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆመ ሰው ፊቱ ያስታውቃል።

አሁን የስልክህን ደወል ለማለዳ ሙላ። ነገ ውኃ የምታደርስለት ሰው ማን ነው? ስሙን ጻፍና ተነሥ!