«ሳላስብ ነው» እስከ መቼ?



ድመት አስራ ሳታበላትም ሳትለቃትም ስለ ገደለቻት ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ባለፈው እሱን ስንማማር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ እሷ አውቃ ነው ያሰረቻት። ሳያስብ የገደለስ?» አለኝ። እኔን ወዲያው ትዝ ያለኝ ዶልፊን ነው። ሳቁብኝ፤ ባሕር የሌለው አገር ልጆች ነና!

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓኪስታን ዓሣ አጥማጆች ቱና ለመያዝ ዐረቢያ ባሕር ላይ እጅግ ረጃጅም መረብ ይዘረጋሉ። መረቡ ከውሃው ወለል ጀምሮ እንደ መጋረጃ ወደ ታች ይንጠለጠል ነበር። ዶልፊን ደግሞ ዓሣ አይደለም፤ እንደኛ በሳንባ ይተነፍሳል። መረቡ ከያዘው አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል። የሚፈልገውም የለም። በፓኪስታን የሚበዛው የሐነፊ መዝሀብ ነው፤ በዚህ መዝሀብ ከባሕር እንስሳ የሚበላው ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሬሳው ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ከ1950 እስከ 2018 ድረስ በቱና መረብ የተያዙትን ዶልፊኖችና መሰሎቻቸውን 4.1 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገምቷል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በስህተት የሰው ፍየል የገደለ ሰው ወንጀል የለበትም፤ ዋጋውን ግን ይከፍላል። ወንጀሉ ተነሳለት ማለት ኃላፊነቱም አብሮ ተነሳ ማለት አይደለም። የዶልፊኑ ባለቤት ደግሞ አላህ ነው። አጥማጁ የነየተው ቱናን ነው፣ እሺ። መጀመሪያ ቀን ዶልፊን ሲያገኝ ደንግጦ ይሆናል። መረቡ በዚያው አዘረጋጉ ዶልፊን እንደሚገድል ካወቀ፣ ሌላ መንገድም ካሳዩት በኋላስ «ሳላስብ ነው» ይላል?

መንገዱ አለ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኤፍ የፓኪስታን ቅርንጫፍ ከአጥማጆቹ ጋር ሆኖ መረቡን ከወለሉ 2 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መዘርጋትን ሞከረ። ተንሳፋፊውን ከመረቡ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ማስረዘም ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። የያዙትን የመዘገቡት ራሳቸው የጀልባዎቹ ሰዎች ናቸው። በመረብ የሚያዘው ዶልፊን ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ፤ በቱናው ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሱብሃነላህ፣ 2 ሜትር!

በአሜሪካ ሜይን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 መረቡ ላይ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ አስረው ሞክረው፣ ፖርፖይዝ የሚባለው የዶልፊን ዘመድ በመረብ መያዙ በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። መሣሪያው ግን ይገዛል፣ ባትሪም ይፈልጋል። ለድሃ አጥማጅ ገመዱ ይቀለዋል። አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ አጥማጁን እንዳትረግሙት፤ ልጆቹን በሐላል ሪዝቅ የሚያሳድግ ሰው ነው።

ያ ተማሪ አሁንም አልለቀቀኝም። «እኛ ቱና የምንበላውስ?» አለ። ጣሳው ላይ ዓሣው በምን እንደተያዘ ከተጻፈ አንብብ አልኩት፤ በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የተያዘ ከዚህ መረብ ነፃ ነው። የዶልፊን ሥዕል ስላየህ ብቻ ግን አትዘናጋ። ያ ምልክት የመጣው በፓስፊክ ውቅያኖስ የዶልፊን መንጋ ተከትለው ቱናን በሚከብቡ ትልልቅ መርከቦች ምክንያት ነው፤ የዐረቢያ ባሕሩ መረብ ሌላ ነው።