ስለ ከተማ መንገድና ስለ ነጋዴ ትርፍ

ከቆሼ የተነሣ የማረቆ በርበሬ በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የነጋዴውን ትርፍ የሚበላው ርቀቱ ብቻ ሳይሆን በከተማው ውስጥ መቆሙም ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናስተውል።

1ኛ፤ በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከባድ የጭነት መኪናዎች ቀን እንዳይዘዋወሩ የሰዓት ገደብ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ነጋዴው ከመጫኑ አስቀድሞ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ይጠይቅ፤ አለዚያ ጭነቱ በከተማው በር ሲጠብቅ ገዢው ወደ ሌላ ይሄዳል።

2ኛ፤ በሱቅ ደጃፍ ለማራገፍ የቆመ መኪና አውቶቡስን ያግዳል፤ በአውቶቡሱ የተቀመጠውም ደንበኛችን ነው።

3ኛ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሰው እንጂ ጆንያ አይጭንም። ጥቂት ጥቂት የሚያስጭኑ ነጋዴዎች ግን ቢተባበሩ፥ ኪራዩን ይካፈላሉ፤ መንገዱንም ያቃልላሉ።

መንገድ የጋራ ሀብት ነውና፥ በደንብ የተገለገለበት ሁሉ ያተርፋል።