የቅዳሜ ትምህርት፦ የእርጥበት መለኪያችሁን ራሳችሁ ጠብቁ፣ የማያስፈልጋችሁን አትግዙ

ቅዳሜ ስለሆነ ዋጋውን ትተን ወደ ትምህርታችን እንሂድ። የዛሬው ርዕሳችን ሳናውቀው ከኪሳችን የሚወስድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሞይስቸር ሚተር የምትሉት የእርጥበት መለኪያ።

ቡናና ሰሊጥ የሚነግድ አንድ ወዳጄ መለኪያው የቡናውን እርጥበት አሳስቶ እያነበበ አስቸገረው። ሱቅ ይዞት ሄደ። ባለሱቁ "ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲሱን ሞዴል ውሰድ" አለው። ሊከፍል ሲል ደወለልኝ። "ስክሪኑ ላይ የተመረጠው እህል ምንድነው?" አልኩት። ሰሊጥ! ከሰሊጥ ግዢ በኋላ ወደ ቡና የመለሰው ሰው አልነበረም። አስተካከለው፣ ጉዳዩ አለቀ።

📌 ለምን ያሳስበናል?

ሒሳቡን እንስራ። መለኪያው 12% ብሏችሁ 100 ኩንታል ቡና ገዛችሁ፤ እውነተኛው እርጥበት ግን 13% ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ ደረቁ 87 ኩንታል ነው። ቡናው ወደ 12% ሲወርድ 87 ÷ 0.88 = 98.86 ኩንታል ይሆናል። 114 ኪሎ ውሃ በቡና ዋጋ ገዛችሁ ማለት ነው። 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን በሚጫንበት ኮንቴይነር ደግሞ 218 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።

መለኪያው አስበልጦ ካነበበስ? ገበሬው ያለ ጥፋቱ ይቀነስበታል፤ ዩኒየኑም የደረሰውን ቡና መልሶ ያሰጣል፤ የሚተነው ኪሎ የአባላት ገንዘብ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለኤክስፖርት ቡና የሚመክረው ከ8% እስከ 12.5% ስለሆነ ጠርዝ ላይ ላለ ቡና የ1 ነጥብ ስህተት ቀላል አይደለም።

📌 መለኪያው እንዴት ይሰራል?

አብዛኞቹ ውሃውን በቀጥታ አያዩም። እህሉ ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚይዝ ለክተው ወደ ፐርሰንት ይቀይሩታል። ስለዚህ የእህሉ ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ መጠኑና አሞላሉ ንባቡን ይለውጡታል። ከነገለፈቱ ያለ ቡናና የተፈለፈለ ቡና እንኳን አንድ አይደሉም።

📌 በራሳችሁ የምታደርጉት

1. ከመለካታችሁ በፊት የተመረጠውን እህል እዩ።
2. ከፀሐይ የተነሳ ቡና ወዲያው አትለኩ። ናሙናውን በተዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ከመለኪያው ጋር ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ ሙቀታቸው ይቀራረብ።
3. መመሪያው ያዘዘውን መጠን ሙሉ። አፍስሱት እንጂ አትጠቅጥቁት፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ሙሉ።
4. ከተለያየ ጆንያ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።
5. ማታ ማታ ኩባያውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ሰሊጥ ዘይት ስለሚተው በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ውሃ አታፍሱበት፣ በብረት አትፋቁት።
6. ንባቡ ሲዋዥቅ መጀመሪያ ባትሪ ቀይሩ። ወቅቱ ሲያልቅ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ከፈሰሰ መገናኛውን ይበላዋል።

📌 ትልቁ ምስጢር፦ ማወዳደር

ለጥራት ምርመራ ናሙና ስትልኩ ከዚያው ናሙና ጥቂት በደንብ በተዘጋ ብርጭቆ አስቀሩና በራሳችሁ መለኪያ ለኩት። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ደብተር ላይ ጻፉ። ከአምስት ስድስት ናሙና በኋላ መለኪያችሁ ይገባችኋል። ሁልጊዜ በ0.6 አካባቢ የሚያሳንስ ከሆነ አልተበላሸም፤ ልዩነቱ መስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው። ብዙዎቹ መለኪያዎች ማስተካከያ አላቸው፣ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። አንዴ 0.5 ከፍ፣ አንዴ 1 ዝቅ እያለ የሚዘል ከሆነ ግን አሞላላችሁን፣ ሙቀቱንና ባትሪውን መርምሩ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከቀጠለ ያኔ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

📌 ሱቅ ውስጥ ሲሉን

"ይሄኛው ሁለት ዴሲማል ያሳያል።" የቁጥር መብዛት ትክክለኛነት አይደለም። 11.87 ብሎም ሊሳሳት ይችላል።

"ከመቶ በላይ እህል ይለካል።" የምትነግዱት ሦስት ከሆነ ሦስቱ በትክክል መኖራቸውን ጠይቁ። ቡና ሲሉም የትኛው ቡና እንደሆነ አረጋግጡ።

"የኩባንያው ባትሪ ካልሆነ አይሰራም።" ክዳኑን ክፈቱና ዓይነቱን አንብቡ። ተራ ባትሪ ከሆነ ከየትም ግዙ፣ ደህና ጥራት ያለው ብቻ ይሁን።

"በየዓመቱ ካሊብሬሽን ያስፈልገዋል።" ይሄ እውነትነት አለው፤ ግን ከምን ጋር አወዳድረው እንደሚያስተካክሉት ጠይቁ። ለቡና የተለመደው መመሳከሪያ የምድጃ ዘዴ ነው፦ በአይ.ኤስ.ኦ 6673 መሠረት በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ16 ሰዓት አድርቆ የቀነሰውን ክብደት መመዘን። የተወዳደረበትን ውጤትና ልዩነቱን በወረቀት የማይሰጣችሁ ሰው የሸጠላችሁ ስቲከር ነው።

ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ በወረቀት በተረጋገጠ ካሊብሬሽን፣ በጥሩ ባትሪና መለኪያውን የሚይዘውን ልጅ በማሰልጠን ላይ ነው። መለኪያውን አንድ ሰው ይያዘው፣ ደብተሩም በእሱ እጅ ይሁን።

የመጨረሻ ቃል ለገዢዎች፦ ገበሬው ፊት ለኩ፣ ቁጥሩንም አሳዩት። አምኖ የሸጠ ገበሬ ነገም ይመጣል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ለግዢ ሠራተኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው። ሰኞ በዋጋ እንገናኝ። መልካም ገበያ!